«ሶናታ ዳ ካሜራ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ የታደለን ወረቀት «የኮሬሊ የካሜራ ሶናታ ለቫዮሊንና ለባሶ ኮንቲኑዎ» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ሊቀርጹን ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም አልስቅበትም፤ «ባሶ»ን «በሶ» ብዬ ነው ያነበብኩት። ምን ተብሎ ቢተረጎም ይሻላል?

ቫዮሊን አስተማሪ፦
ካሜራው ፎቶ ማንሻው አይደለም፣ ዘመዱ ግን ነው። በጣሊያንኛ «ካሜራ» ክፍል ማለት ነው። ፎቶ ማንሻውም ስሙን የወረሰው በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ብርሃን የውጭው ምስል ግድግዳ ላይ ከሚታይበት ጨለማ ክፍል፣ «ካሜራ ኦብስኩራ» ከሚባለው ነው።

ጠያቂ፦
እንግዲያው «የክፍል ሶናታ»?

ቫዮሊን አስተማሪ፦
የሶናታውን እያንዳንዱን ቁራጭም እኮ «ክፍል» ነው የምንለው። «ባለ አራት ክፍል የክፍል ሶናታ» ልንል ነው?

የድሮ ቃል ወዳጅ፦
ልጆች፣ «እልፍኝ» እያለ ለምን ትቸገራላችሁ? ጣሊያናዊው አቀናባሪ ኮሬሊ ሮም ውስጥ በካርዲናል ኦቶቦኒ ቤት የኖረና የተጫወተ ሰው ነው፤ ይህ ሙዚቃ የሚሰማው በእንዲህ ያለ ጌታ ቤት ነበር። የእኛ «እልፍኝ አስከልካይ» በአውሮፓ አቻው «ቻምበርሌይን» ነው፤ የዚያ ቃል ሥርም ይኸው «ካሜራ» ነው። «የእልፍኝ ሶናታ» በሉት።

ቫዮሊን አስተማሪ፦
አባቴ፣ ወድጄዋለሁ። «ሶናታ» ራሱ «ድምፅ አሰማ» ከሚለው የጣሊያንኛ ግስ የወጣ ነው፤ የሚዘፈነው «ካንታታ» ነው። የእልፍኙ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያ ይጀምርና የጭፈራ ስም ያላቸው ክፍሎች ይከተላሉ። ኮሬሊ ለአንድ ቫዮሊን የጻፋቸው ሶናታዎች የታተሙበት የኦፐስ 5 (የአምስተኛው ሥራው) ሰባተኛው ከመግቢያው ቀጥሎ ኮሬንቴ፣ ሳራባንዳና ጂጋ አለው። ግን ኦፐስ 5 (ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1700) ሽፋኑ ላይ «ዳ ካሜራ» አይልም፤ ያንን ስም የያዙት በ1685 የታተሙት፣ ባለ ሁለት ቫዮሊኖቹ ናቸው። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ከራሱ ጨምሮ ይሆናል።

ሌላ አባል፦
«ኮንቲኑዎ»ን «አጃቢ» ብንለውስ?

ቫዮሊን አስተማሪ፦
አልስማማም፣ ወንድሜ። አጃቢ አንዳንዴ ያርፋል፤ ይህ ግን ስሙ እንደሚለው ከመነሻ እስከ መድረሻ የማያቋርጥ የታችኛው ድምፅ ነው። አቀናባሪው ለቫዮሊኑ ዜማውን ይጽፍለታል፤ ለኮንቲኑዎው የሚሰጠው አንድ የባስ መስመርና አንዳንድ ኖታዎች ላይ ቁጥር ብቻ ነው። 6 ካለ ከባሱ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ያዝ ማለት ነው። 4 ተጽፎ 3 ከተከተለው አራተኛው ድምፅ ወደ ሦስተኛው ይወርዳል። ቁጥር ከሌለ እንደ ደንቡ ሦስተኛና አምስተኛ ነው። ድምፆቹን ቁልፎቹ ላይ እንዴት እንደሚደረድራቸው ግን የተጫዋቹ ፈንታ ነው፤ እዚያው በቦታው ይፈጥረዋል። «ተከታታይ ባስ» እንዳትሉብኝ ደግሞ፣ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላል።

የዜማ ተማሪ፦
ይሄማ የድጓችን ምልክት ነው! ከንባቡ በላይ የተቀመጠች አንዲት ሁለት ፊደል ዜማውን የተማረውን ታስታውሰዋለች፤ ላልተማረው ዝም ትላለች።

ቫዮሊን አስተማሪ፦
ለተማረ ብቻ መናገሩ ልክ እንዳልከው ነው። ልዩነቱ፣ ምልክቱ ዜማ ያስታውሳል፣ ቁጥሩ አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ያመለክታል።

ጠያቂ፦
ታዲያ ባሱን የሚጫወተው ማን ነው? መድረኩ ላይ ቼሎም ሃርፕሲኮርድም ነበረ።

ቫዮሊን አስተማሪ፦
ኮሬሊ ሽፋኑ ላይ «ለቫዮሊንና ለቪዮሎኔ ወይም ለቼምባሎ» ነው ያለው። ቪዮሎኔ ትልቁ ባለ አውታር ባስ፣ ቼምባሎ ሃርፕሲኮርድ ነው። ብዙ ተርጓሚ «ወይም»ን ወደ «እና» ይለውጠዋል፤ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ መስማት ስለለመድን ነው። አንዱ ብቻውን እንደሚበቃ ግን ሽፋኑ ይናገራል።

የድሮ ቃል ወዳጅ፦
እኔን የሚያስጨንቀኝ ግሱ ነው። በገና ይደረደራል፣ ክራር ይመታል፣ ማሲንቆ ይገዘገዛል፣ ዋሽንት ይነፋል። ጣሊያኖቹ ለሁሉም ያው «ሱዎናሬ» ነው። ቫዮሊንን ምን እናድርገው፣ እንገዝግዘው?

ጠያቂ፦
ደጋን እስካለው ድረስ እኔ ገዝግዤዋለሁ። «የእልፍኝ ሶናታ ለቫዮሊንና ለኮንቲኑዎ» ብዬ ለአዘጋጆቹ እልካለሁ። «ባሶ»ን ያወጣሁት በእናንተ ፈቃድ ነው።