የአባቴ ኖኪያ 6300 አዲሱን ሜሞሪ አላነብም አለች፤ አሮጌው ደግሞ ሾርትከት ሆኖብኛል

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ) - ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን አመሻችሁ። አባቴ ለልጄ ክርስትና ከመንዝ መጥተው እኔ ጋ ናቸው። ቅዳሜ በሌሊት ይመለሳሉ። ስልካቸው ኖኪያ 6300 ናት፣ ያቺ ቀጭኗ ብረት ለበሷ። ስማርት ስልክ ልግዛልዎ ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው። «በየማታው መብራት የሚለምን ስልክ ምን ይሠራልኛል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ሰፈር መብራት ከጠፋ ቶሎ አይመጣም፤ እሷ ደግሞ አንዴ ከሞላች ቀናት ትቆያለች። ስለዚህ «ስልኩን ቀይርላቸው» የሚል መልስ አልፈልግም፣ አደራ።

ችግሬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ መዝሙርና ስብከት ልሞላላቸው 8 ጂቢ ሜሞሪ ገዛሁ። ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ስልኳ ውስጥ ስከተው ግን ምንም የለም።

ሁለተኛውና ዋናው አሮጌው 1 ጂቢ ሜሞሪ ነው። አባቴ ከመምጣታቸው በፊት ከተማ ወርደው አንድ ዘፈን መጫኛ ቤት መዝሙር አስጭነውበት ነበር። ላፕቶፕ ላይ ስሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ምልክት ብቻ) ሆነዋል። እዚያ ውስጥ የአያቴ ድምፅ አለ፣ የአባቴ እናት። ከማረፏ በፊት በዚያችው ስልክ የቀዷት ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። አንዱን ሾርትከት ከፍቼ ነበር፣ ምንም አልመጣም። አሁን አንቲቫይረሱ «ላጽዳ?» እያለ ይጠይቀኛል፣ ፈርቼ ተውኩት።

ሦስተኛዋ ቀላል ናት። በገና ጥሪ እንዲሆንላቸውና የልጄ ፎቶ ስክሪኑ ላይ እንዲወጣላቸው ይፈልጋሉ። ፎቶውን በብሉቱዝ ስልክላት አልቀበልም አለች።

ብረት ሰሪው

ወንድሜ፣ እንኳን ፈራህ። ሜሞሪውን ንቀልና አስቀምጠው። ከአሁን በኋላ ላፕቶፑም ሆነ ስልኩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅህ መልሱ አይ ነው። ስለ አሮጌው የሚያውቅ ሰው ይመጣል፣ እኔ ስለ 8 ጂቢው ልንገርህ።

ካርዱም ስልኩም አልተበላሹም። 6300 በፈረንጆች 2007 ገበያ ላይ የዋለች ስልክ ናት። የምታውቀው ኤስዲ የሚባለውን የድሮ የሜሞሪ ዓይነት ነው፣ የእሱ ጣሪያ ደግሞ 2 ጂቢ። ከዚያ በላይ እስከ 32 ጂቢ ያለው ኤስዲኤችሲ ይባላል። መልኩ ያው ነው፣ ቀዳዳው ውስጥም ልክክ ብሎ ይገባል፤ ስልኳ ግን ቋንቋውን አትሰማም። ካርዱን አገላብጠህ እየው፣ «ኤችሲ» የሚሉ ሁለት የፈረንጅ ፊደላት ታገኛለህ። ፎርማት ብታደርገው፣ ለአራት ብትከፍለው አይሆንልህም። ሰው በዚህ ሲለፋ አይቻለሁ፣ ጊዜህን አትግደል።

2 ጂቢ ፈልግ። አዲስ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አትድከም፤ የድሮ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። እኔ ጋም አይጠፋም።

ሰላሌ 32

ብረት ሰሪው፣ ይቅርታ አድርግልኝና ተሳስተሃል። እኔ 6300 አለኝ፣ 32 ጂቢ ነው የማስገባባት። ዛሬ ጠዋት ራሱ ስሰማባት ነበር። ሰውየውን አላስፈላጊ ወጪ አታስወጣው።

ብረት ሰሪው

ያንተ ስልክ ዋይፋይ አላት?

ሰላሌ 32

አዎ። ለልጆቹም ኢንተርኔት አጋራባታለሁ።

ብረት ሰሪው

እንግዲያው ያንተ 6300 4ጂ ናት፣ በ2020 የወጣችው። ስሟን ወረሰች እንጂ ሌላ ስልክ ናት። የሰውየው አባት የያዟት ዋይፋይም የላት፣ 4ጂም የላት። ስም አንድ ሆኖ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ያንተ የመጀመሪያ አይደለም።

ሰላሌ 32

አሃ! ተማርኩ። ስለ ፎቶው እኔ እመለስበታለሁ፣ ካሳ ይሁነኝ።

እታለም

ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ሜሞሪ ሳይመጣልኝ የሚውልበት ቀን የለም፣ አይዞህ። ፋይሎችህ ያሉ ይመስለኛል።

ይሄ ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም፣ ይደብቃል። እውነተኞቹን ፎልደሮች «የተደበቀ» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ብዙ ጊዜም ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ከዚያ በየስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። አንተ ፎልደሩን የከፈትክ መስሎህ ሾርትከቱን ስትጫን፣ የምታስነሳው ራሱን ቫይረሱን ነው። አንዱን ከፍቻለሁ ብለሃል፣ ስለዚህ ላፕቶፕህም ይዞት ይሆናል። ሙሉ ስካን እስክታደርግ ድረስ ሌላ ፍላሽ እንዳትሰካበት።

አሁን የምትሠራው ይሄን ነው። ላፕቶፑን ተወው። ለስማርት ስልክህ ኦቲጂ ያለው፣ ማለትም ስልኩ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ካርድ ሪደር ፈልግ፣ ትንሽዬ ናት። ሜሞሪውን ከተህ ስልክህ ላይ ሰካው። ቫይረሱ የዊንዶውስ ነው፣ አንድሮይድ ላይ አይነሳም። አንድሮይድ ያንን የመደበቂያ ምልክትም ቁብ አይሰጠውም፣ ሁሉንም ዘርግፎ ያሳይሃል። ፋይል ማኔጀሩን ስትከፍት ስሙ ባዶ የሆነ ፎልደር ፈልግ። ሥዕሉ አለ፣ ከጎኑ ጽሑፍ የለም። ብዙ ሰው የተበላሸ ፎልደር መስሎት የሚያልፈው እሱን ነው።

ካገኘኸው መጀመሪያ ኮፒ። «ሙቭ» አይደለም፣ ኮፒ። ሁሉንም ወደ ስልክህ ገልብጥ። መጨረሻቸው ኤልኤንኬ፣ ቪቢኤስ ወይም ኢኤክስኢ የሚሉትን ግን እዚያው ተዋቸው፣ ሾርትከቶቹና ቫይረሱ እነዚያ ውስጥ ናቸው። የገለበጥከውን ከፍተህ እስክትሰማው ድረስ አሮጌውን ሜሞሪ አታጽዳው።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ) - ረቡዕ ማታ

እታለም፣ እጅሽ ይባረክ! ስም የሌለው ፎልደር አለ። እንዳልሽው ዝም ብሎ ቢጫ ሥዕል ነው፣ እኔም ላልፈው ነበር። ውስጡ የአባቴ ሜሞሪ እንዳለ ቁጭ ብሏል። መዝሙሮቹ፣ የእህቴ ሠርግ ፎቶ፣ ከዚያ የድምፅ ቅጂዎች። ዘጠኝ ናቸው። ሁሉንም ገለበጥኩ።

ግን ቅጂዎቹ ስልኬ ላይ አይከፈቱም። መጨረሻቸው ኤኤምአር ይላል። መጠናቸውም አስፈራኝ፣ ትልቁ 480 ኪሎባይት ነው። ተቆርጠው ይሆን?

ዜሮ ዘጠኝ

አልተቆረጡም። ኤኤምአር ለንግግር ብቻ የተሠራ አቀዳድ ነው፣ ለስልክ ጥሪ። በደቂቃ 100 ኪሎባይት እንኳን አይሞላም። 480 ማለት ወደ አምስት ደቂቃ ነው። ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ አፕ ጫን፣ ይከፍትልሃል።

ጥራቱን ለማሻሻል ብለህ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ትፈልግ ይሆናል። አይሻሻልም፣ የሌለ ድምፅ ከየት ይመጣል? ለዘመድ ለመላክ እንዲመች አንድ ኮፒ ቀይር፣ ዋናውን ግን እንዳለ አስቀምጥ። ቴሌግራም ላይ ለራስህ ስትልከው እንደ ፋይል ላከው። አንዱን እህትህ ጋ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ አድርግ። በሽተኛው ላፕቶፕ ላይ ግን አይሆንም።

ፋይሉ ላይ የምታየውን ቀንና ሰዓት ብዙ አትመነው። የድሮ ስልክ ባትሪው ወጥቶ ሲገባ ሰዓቱ ይዛባል። አባቶቻችን ደግሞ ስልኩን በሐበሻ ሰዓት ነው የሚሞሉት። መቼ እንደተቀዳ አሁን አባትህን ጠይቀህ ጻፈው።

እግረ መንገድህን ቁጥሮቹን ወደ ሲም ገልብጥላቸው። ሲም ብዙውን ጊዜ 250 ስም ይይዛል፣ ለእሳቸው ይበቃል። ስልኳ ብትሞት ሲሙ ይተርፋል።

ብረት ሰሪው

ወደ በገናው ልምጣ። የ6300 የራሷ ሆድ 7.8 ሜጋ ብቻ ነው። በ128 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ ኤምፒ3 በሰከንድ 16 ኪሎባይት ይበላል። የአሥር ደቂቃ የበገና መዝሙር 9.6 ሜጋ መጣ ማለት ነው፣ ጭራሽ አይገባም። ሠላሳ ሰከንድ ብትቆርጥ ግን 480 ኪሎባይት ነው። ያ የስልኳ ሆድ ውስጥ ይቀመጥ። ጥሪውን ሜሞሪው ላይ ካደረግኸው ሜሞሪው የወጣ ዕለት ጥሪው ይጠፋና «ስልኬ ተበላሸ» ብለው ይደውሉልሃል።

የት ጋ እንደምትቆርጥ ደግሞ አስብበት። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፣ ከታች ነው የሚመጣው። የዚህች ስልክ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ናት፣ ወፍራሙን አታወጣውም። አውታሩ ብቻ የሚመታበትን መግቢያ ከቆረጥክ እርሻ ላይ ሆነው አይሰሙትም። ዘማሪው አፉን የሚከፍትበት ቦታ ላይ ጀምር። እኔ ለአንድ ደንበኛ መግቢያውን ቆርጬ ሰጥቼ፣ በሳምንቱ «አይጮህም» ብሎ መልሶ አምጥቶልኛል።

ሰላሌ 32

ካሳዬን ልክፈል። ፎቶውን አልቀበልም ያለችህ ከብዷት ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙ ሜጋ ነው፣ የእሷ ስክሪን ግን 240 በ320 ነጥብ ብቻ ነው። መጀመሪያ በ3 ለ 4 ቁመቱን ይዘህ ክሮፕ አድርግ። ከዚያ በፎቶ ማሳነሻ አፕ ወደ 240 በ320 አውርደው። በብሉቱዝ ስትልከው ዓይን እስክትጨፍን ይደርሳል። የሕፃኗ ፊት መሃል ላይ ይሁን። ከላይ ሰዓቱና የኔትወርኩ ስም ይጋርደዋል፣ ከታች ደግሞ የሜኑ ጽሑፍ አለ።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ) - ዓርብ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ

ሪፖርት ላቅርብ። ፎቶው ገባ። ጥሪውም ገባ፣ ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። 2 ጂቢ ሜሞሪ ሦስተኛው ጠጋኝ ጋ አገኘሁ፤ አሮጌ ቻርጀሮች መሃል ተቀብሮ ነው የወጣው። ስልኳ ውስጥ ገብቶ ወዲያው ታወቀ። ላፕቶፑ ገና ስካን ላይ ነው፣ እሱን እርሱት።

አንድ ነገር አልተሳካም። የመዝሙሮቹን ስም በአማርኛ ጻፍኩና ስልኳ ላይ ሁሉም ሳጥን ሳጥን ሆኖ መጣ። አባቴ የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። ቁጥር ግን አሳምረው ያነባሉ። ስለዚህ ስሙን ትቼ ከ01 እስከ 64 ቁጥር ሰጠኋቸው። ትናንት ማታ አብረን ተቀምጠን አንድ በአንድ እያስከፈትኳቸው «ይሄ 12 ነው፣ ይሄ 13» ስንል አመሸን። ዛሬ ጠዋት ፈተንኳቸው፣ ሁለት ብቻ ነው የሳቱት።

የአያቴን ቅጂ 01 አደረግሁት። አምስት ደቂቃ ሙሉ የምታወራው ስለጠፋ በግ ነው፤ መሃል ላይ «ያ የሚያበራው ምንድነው?» ትላለች፣ ስልኩን አይታ። አባቴ ዝም ብለው ሰሙና «በጉ እኮ ጎረቤት ነው የተገኘው» አሉኝ።

እታለም

እሰይ! አሁን አሮጌውን ሜሞሪ ፎርማት ማድረግ ትችላለህ። እኔ ብሆን ግን አላደርገውም። በወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጠው።

ብረት ሰሪው

ደስ ይላል። አንድ ነገር ልጨምር። ሜሞሪውን ስትከት የኋላ ክዳኗ በደንብ ተገጥሞልሃል? ወይስ ትንሽ ተነስቶ ነው ያለው?

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ)

ትንሽ ተነስቷል። አባቴ በላስቲክ አስረውት ነበር፣ የቆየ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ብረት ሰሪው

ባትሪውን አውጣና ለጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ በጣትህ አዙረው። ጤነኛ ባትሪ ይንገታገትና ይቆማል። ያበጠ ከሆነ መሃሉ ስለሚነሳ ይሾራል። ከሾረ ከእንግዲህ ቻርጅ እንዳታደርገው፣ እንዳትወጋውም። ባትሪው ቢኤል-4ሲ ነው። ብዙ ኖኪያዎች ስለሚጋሩት ዛሬም ይገኛል።

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ)

እንደ እንዝርት ሾረ። አባቴ ራሳቸው እያዩ ሳቁ። አውቶብሳቸው ሌሊት 11 ሰዓት ነው፣ ሱቅህ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ነው?

ብረት ሰሪው

እስከ 2። በውስጥ መስመር አድራሻውን ልኬልሃለሁ። ስልኳንም ይዘህ ና፣ እዚሁ ገጥመን እንሞክራታለን።