የአምስት ዓመት የቤት ብድር ፊክስዴ በ19 ቀን ያልቃል፤ ወርሃዊ ክፍያዬ ከ850 ወደ 1,552 ፓውንድ ሊወጣ ነው፣ እባካችሁ እርዱኝ

ታክሲው ከቶተንሃም
ወገኖች ሰላም። አሁን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ከሥራ መግባቴ ነው። በሩ ሥር የተከመረውን ፖስታ ሳገላብጥ የባንኩን ደብዳቤ አገኘሁት። ፊክስዱ፣ ማለት ወለዱ የማይለወጥበት ጊዜ፣ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፣ ምንም ካላደረግኩ በቀጥታ ወደ ባንኩ ተለዋዋጭ ወለድ፣ 7.5 በመቶ እገባለሁ ይላል። እስከ ዛሬ በ1.6 በመቶ 850 ነበር የምከፍለው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ይህን 700 ፓውንድ ከየት ነው የማመጣው? ባንክ ልቀይር? ስንት ጊዜ ይፈጃል? የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

ሊሊ ሊድስ
ወንድሜ አይዞህ፣ 19 ቀን ያንሳል እንጂ አልመሸም። ግን የጎደለ ነገር አለ። ዕዳህ ስንት ቀረ? ስንት ዓመት? ደሞዝተኛ ነህ ወይስ ሰልፍ ኢምፕሎይድ፣ ለራስህ የምትሠራ? ቤቱ በማን ስም ነው?

የድሮ ሰው
ልጄ፣ መጀመሪያ ለምን እዚህ እንደደረስን ተረዳ። የእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ ከመጋቢት 2020 እስከ ታኅሣሥ 2021 (በፈረንጆቹ) 0.1 በመቶ ነበር። አንተ የፈረምከው በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ እየወጣ በነሐሴ 2023 5.25 ደረሰ። በኋላ ቢወርድም የዚያን ጊዜው ዋጋ ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ 850ን እርሳው፣ የምትታገለው 1,552ን ለማውረድ ነው። ደግሞ ፊክስድ ሲያልቅ ማስታወሻ መያዝ ያለበት ባለቤቱ ነው። እኔ የልደቴን ቀን ብረሳ የሞርጌጄን ቀን አልረሳም።

ናዝሬት 81
ይቅርታ አድርግልኝና ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ዕድሜ ልክህን ለባንክ ከምትሠራ ሸጠህ አገር ቤት አትሠራም?

ታክሲው ከቶተንሃም
እህቴ፣ ልጆቼ እዚህ ነው የሚማሩት። በ19 ቀን ቤት አይሸጥም፣ አገርም አይቀየርም።
ሊሊ፦ 210,000 ቀርቷል፣ 25 ዓመት። ሰልፍ ኢምፕሎይድ ነኝ፣ ሚኒካብ።

ዮኒ
ባንኩ ጋ ደውል።

የብሪክስተኗ እናት
ዮኒ ትክክል ነው፣ ግን ደውሎ ምን እንደሚል ንገረው እንጂ! ወንድሜ፣ «ፕሮዳክት ትራንስፈር እፈልጋለሁ» በላቸው። እዚያው ባንክ ሆነህ ወደ አዲስ ፊክስድ መዛወር ማለት ነው። ተጨማሪ ብር ካልተበደርክና ወደኋላ የቀረ ክፍያ ከሌለብህ አብዛኞቹ ገቢህን እንደገና አይመረምሩም፣ ሶሊሲተር (ጠበቃ) የለም፣ ቤቱን የሚገምት ሰው አይመጣም። እኔ ኩሽና ቁጭ ብዬ ሽሮው እስኪበስል በስልኬ ጨርሻለሁ። ባንክ መቀየር ግን ግምት፣ ሶሊሲተር፣ የገቢ ምርመራ አለው። ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ያዝለት፣ ለ19 ቀን አይደርስልህም።

መርካቶ ቦይ
እኔም ሚኒካብ ነኝ፣ ባለፈው ዓመት ባንክ ልቀይር ብዬ ያየሁትን ልንገርህ። የሁለት ዓመት ኤስኤ 302 እና የታክስ ኦቨርቪው፣ ማለት ገቢዬንና ታክሴን የሚያሳዩ የታክስ መሥሪያ ቤቱን ወረቀቶች ጠየቁኝ። እዚያ ላይ የሚያዩት ወጪ ተቀንሶ የቀረውን ትርፍ ነው። አካውንታንትህ ታክስ እንዲያንስ ትርፍህን ዝቅ ካደረገው ባንኩም ያንኑ ዝቅ ያለውን ነው የሚያምነው።
ሌላ ደግሞ፣ ዕቁብ ወጥቶልኝ 6,000 ፓውንድ ስቴትመንቴ ላይ ገብቶ ነበር። «ከየት መጣ?» አሉኝ። የዕቁቡ ዳኛ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጽፎ ፈርሞልኝ፣ በየሳምንቱ ከእኔ ሂሳብ የወጣውን አስምሬ ላክሁላቸውና ተቀበሉኝ። ዕቁብተኛ የሆናችሁ ደብተራችሁን አትጣሉ!

ዮኒ
ያልኩት እኮ ነው፣ ባንኩ ጋ ደውል።

ታክሲው ከቶተንሃም
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የባንኩ አፕ ላይ ገባሁ። የመግቢያ ክፍያ የሌለው የሁለት ዓመት ፊክስድ 4.5 በመቶ፣ በወር 1,167 ይለኛል። 999 ፓውንድ ከከፈልኩ 4.3 ይሆናል። የትኛው ይሻላል? ደግሞ «ተለዋዋጭ ላይ ቆይ፣ ወለዱ ይወርዳል» የሚለኝ ጓደኛ አለ።

የድሮ ሰው
ወረቀት አምጣና እንቁጠር። የ0.2 ልዩነት በ210,000 ላይ በዓመት ወደ 420 ፓውንድ ነው፣ በሁለት ዓመት 840። 999 ከፍለህ 840 ታተርፋለህ፣ ኪሳራ ነው። ለአምስት ዓመት ቢሆን ወደ 2,000 ይጠጋል፣ ያን ጊዜ ያዋጣል። «ክፍያውን ብድሩ ላይ ጨምሩልኝ» አትበል፣ 25 ዓመት ሙሉ ወለድ ትከፍልበታለህ። ጓደኛህን ደግሞ ወለዱ እስኪወርድ በየወሩ 385 ፓውንድ ልዩነቱን እሱ ይከፍልልህ እንደሆነ ጠይቀው።

ሊሊ ሊድስ
ጋሼ ልክ ናቸው። ሦስት ነገር ልጨምር። አዲሱ ፊክስድ የሚጀምረው አሮጌው ባለቀ ማግስት መሆኑን አረጋግጥ፣ አንድ ቀን ቢቀድም ቀድሞ የመውጫ ቅጣት ሊያስከፍልህ ይችላል። ሁለተኛ፣ በ2023 አብዛኞቹ አበዳሪዎች በፈረሙት የሞርጌጅ ቻርተር መሠረት የያዝከው ዲል ከመጀመሩ በፊት ያው ባንክ የተሻለ ካወጣ ለውጡልኝ ማለት ትችላለህ፣ ስለዚህ ዛሬ መያዙ አይጎዳህም። ሦስተኛ፣ ቢዘገይብህና አንድ ወር ተለዋዋጩ ላይ ብትወድቅ ጣራው አይናድም። ተለዋዋጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የመውጫ ቅጣት የለም። ደንግጠህ ያላነበብከውን እንዳትፈርም።
ግን አንድ ጥያቄዬን አልመለስክም። ቤቱ በማን ስም ነው?

ታክሲው ከቶተንሃም
በእኔና በእህቴ። አብረን ነው የገዛነው። እሷ ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ገባች። አሁን 4.5ን ስጫነው «የሁለቱም ተበዳሪዎች ማረጋገጫ ያስፈልጋል» ብሎ ለእሷ ኮድ ላከ። የላከው በእንግሊዝ ቁጥሯ ነው፣ ሲሙ ተዘግቷል።

ሊሊ ሊድስ
ይኸው፣ ዋናው ነገር ይኼ ነበር! አፑን ተወው። ኮዱን ደጋግመህ ብታስልክ አፑ ሊቆለፍብህ ይችላል። በስልክ ደውልና «ሁለተኛዋ ተበዳሪ ውጭ አገር ናት፣ ቁጥሯ ተቀይሯል፣ ማረጋገጫዋን እንዴት ትቀበላላችሁ?» በል። አንዳንዱ ባንክ እሷን መስመር ላይ አስገብቶ ያናግራታል፣ አንዳንዱ ፎርም ልኮ ያስፈርማታል። ፓስፖርቷንና የድሮ አድራሻዋን አዘጋጅታ ትጠብቅ። ወደ ሌላ ባንክ ከሆነ ግን እሷ ውጭ እያለች በጣም ያስቸግርሃል፣ ያን ጊዜ ብሮከር (የብድር ደላላ) ያስፈልግሃል። ከመላው ገበያ የሚፈልግ ይሁን፣ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው የኤፍሲኤ መዝገብ ላይ መኖሩን ፈትሽ።

የብሪክስተኗ እናት
የእህትህን ስም ሳትጠይቃት ከቤቱ ላይ ለማውጣት እንዳትሞክር። ያ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሶሊሲተርም ይፈልጋል፣ ቤተሰብም ያጣላል።

ናዝሬት 81
ቅድም ያልኩትን አልተውኩም፣ ግን እህቱን በቪዲዮ ደውሎ ያስረዳት። የእሷም ዕዳ ነው፣ እሱ ባይከፍል የእሷም ክሬዲት ይበላሻል።

ታክሲው ከቶተንሃም
እህቴን አሁን በቴሌግራም ቀሰቀስኳት፣ እዚያ ሊነጋ ነው። ፓስፖርቷን እየፈለገች ነው። ባንኩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ሳላደርስ እደውላለሁ። ተባረኩ።

መርካቶ ቦይ
ከደወልክ በኋላ ምን እንዳሉህ ጻፍልን፣ የእኔም ባለቤት ዱባይ ናት።

ዮኒ
ደወልክ?

መርካቶ ቦይ
ወንድም፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። የእህትህን ፊርማ በኢሜይል ተቀበሉ ወይስ ዋናውን በፖስታ ነው የጠየቁት? የእኔ በመጋቢት ያልቃል።