የማፋክ ፍሬን ያለው የ1970ዎቹ ሳይክል፦ ካሊፐሩ ይቀየር ወይስ ቸርኬው?

አሮጌ ቴላዮ (ሲያትል)

ለድሮ ሳይክል ወዳጆች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የሳይክል ገበያ በድንገት በደራበት ወቅት ከፈረንሳይ በብዛት ከገቡት ሳይክሎች አንዱን አግኝቼ በማደስ ላይ እገኛለሁ። ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) ቀጥ ያለ ነው፤ ፎርኬላውም (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) አልተጣመመም። ካሊፐሩ (የፍሬን ሸራዎቹን ቸርኬው ላይ የሚያጣብቀው ክፍል) ማፋክ የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የሠራው፣ ሬሰር የሚባለው፣ ሁለቱን ክንዶች የምታገናኝ አጭር ሽቦ ከመካከሏ ወደ ላይ እየተሳበች የምታሠራው ዓይነት ነው። ቸርኬዎቹ ክሮም የተነከሩ ባለ 27 ኢንች የብረት ቸርኬዎች ናቸው። ሽቦው፣ የሽቦው ልባስና ሸራው ሁሉ ሳይክሉ ከፋብሪካ ሲወጣ አብረውት የመጡ ይመስላሉ።

በደረቅ መንገድ ሌቫውን ጠበቅ አድርጌ ስጨብጠው ሳይክሉ ይቆማል። የምኖርበት ከተማ ግን ከመኸር እስከ ፀደይ ካፊያ የማያጣው፣ ዳገትና ቁልቁለቱም የበዛ ነው፤ ቸርኬው ከረጠበ ደግሞ ሌቫው መሪውን ሊነካ እስኪደርስ ብጨብጠውም ፍጥነቱ የሚቀንሰው ብዙ ርቀት ከሄድኩ በኋላ ነው።

የማከብራቸው ሁለት ሰዎች የሰጡኝ ምክር ፈጽሞ አይገጥምም። አንዱ «የዚያን ዘመን ፍሬን በሙሉ አውልቀህ በአዲስ ካሊፐር ተካው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ ማፋክ ለመንገድ ሳይክል ከተሠሩት ፍሬኖች ሁሉ ምርጡ ስለሆነ መንካት ነውር ነው ባይ ነው። በእጃችሁ ሠርታችሁ የምታውቁ ሰዎች ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሞላና ሽቦ

ጤና ይስጥልኝ። ካሊፐሩን ከመውቀስዎ በፊት ቸርኬውን ይመርምሩ። ክሮም የተነከረ ብረት ከመስተዋት ያልተናነሰ ልስልስ ስለሆነ፣ ውሃ ሲያርፍበት ሸራው ብረቱን ሳይሆን በላዩ ያለውን ስስ የውሃ ንጣፍ ነው የሚጨብጠው። አሉሚኒየም ግን ለዘብ ያለ ብረት በመሆኑ ሸራው ገጹን በጥቂቱ እየፋቀ ይይዘዋል፤ ውሃውንም መንኮራኩሩ ጥቂት ዙር እንደዞረ ይጠርገዋል። አንዳንድ አምራቾች በክሮም ቸርኬ ጎን ላይ ሸካራ ቅርጽ ያትሙበት ነበር፤ ያ ግን ድምፅ ከመጨመርና ሸራ ከመብላት በቀር በዝናብ የረባ ጥቅም አልሰጠም። በእንግሊዝ አገር ለብረት ቸርኬ ተብሎ ፊቱ ቆዳ የተለበደ ሸራ ይሸጥ ነበር፤ እሱ በእርጥብ ክሮም ላይ ከተራው ጎማ በእጅጉ ይሻላል፣ ከአሉሚኒየም ጋር ግን አይወዳደርም።

ሁለተኛው ሸራው ነው። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ተጭነውበት ምልክት ካልተወ ጎማው ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯልና ይጣሉት። ኩል-ስቶፕ የሚያመርተው፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበትና ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላው ሸራ ለማፋክ መያዣ ልክ ሆኖም ይሠራል፤ በዝናብ ላይ ያለው ልዩነት ወዲያውኑ ይታወቃል።

ሦስተኛው ሽቦና ልባሱ ነው። የድሮው ልባስ ውስጡ ባዶ የብረት ጥምጥም ብቻ ስለሆነ፣ ዝገት ሲገባበት የእጅዎ ኃይል ገና ካሊፐሩ ጋ ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል። ውስጡ ፕላስቲክ ያለው የዘመኑ ልባስ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለእኔ ግን ከሥራው ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ስለ ማፋክ ራሱ አንድ ነገር ላክል። በክሌርሞን-ፌራን የነበረው ይህ ፋብሪካ የሬሰርን ክንዶች ያሰረው በፎርኬላው ቀዳዳ ላይ ባለው አንድ ቡሎን ዙሪያ አይደለም፤ በግራና በቀኝ፣ ከጎማው ትከሻ አጠገብ ለየብቻ እንዲዞሩ አድርጎ ነው። ስለዚህ ከመዞሪያው እስከ ሸራው ያለው የክንዱ ክፍል አጭር ነው፤ አጭር ክንድ ደግሞ ሲጨበጥ ብዙም አይለመጥም። ለሰፊ ጎማና ለጭቃ መከላከያ የሚሆን ቦታ እየተወ ይህን ያህል ጥንካሬ የሚሰጥ ካሊፐር በዚያ ዘመን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ያቆዩት።

ቁልቁለት ወራጅ

የሞላና ሽቦን እውቀት አከብራለሁ፤ ስለ ቸርኬውም የተናገሩት እውነት ነው። በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። ጠያቂያችን ሳይክሉን ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት አይደለም፤ በከተማ ውስጥ፣ በመኪና መካከል፣ በዝናብ ቁልቁለት ሊወርዱበት ነው። በሰው ሕይወት ጉዳይ ላይ የዘመኑን ውበት የመጠበቅ ሐሳብ ሁለተኛ ቦታ ሊይዝ ይገባዋል።

ክንዱ አጭርና ጠንካራ ነው መባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁለት መዞሪያዎች የቆሙበት ቀጭን ድልድይ በአንድ ቡሎን ብቻ የታሰረ ስለሆነ፣ ፍሬኑ ሲያዝ ቸርኬው ክንዶቹን ወደ ፊት ሲጎትት እሱም አብሮ ይለመጣል። ሁለቱን ክንዶች የምታገናኘው ተሻጋሪ ሽቦም ተጨማሪ መላላት ታመጣለች። በዚህ ላይ መዞሪያው ከሸራው ወደ ውጭ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሸራው እያለቀ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር በመጠኑ ወደ ላይ ይነሣል፤ ባለቤቱ ካልተከታተለው የጎማውን ጎን መፋቅ ይጀምራል። ይህን ቸል ብለው ጎማ ያፈነዱ ሰዎች አሉ።

የጃፓኑ ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ማፋክ ከመካከል ሳይሆን ከጎን የሚሳበውን ባለ ሁለት መዞሪያ ካሊፐር ለውድድር ሳይክል ካቀረበ በኋላ ሌሎቹ አምራቾች የተከተሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በአነስተኛ የእጅ ኃይል ይበልጥ ይጨብጣል፤ እጃቸው ትንሽ ለሆነ ወይም ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእርስዎ ሳይክል አጭር ክንድ ያለው የዛሬ ካሊፐር አይደርስም፤ ቴክትሮ አር559 ግን ከቡሎኑ እስከ ሸራው ከ55 እስከ 73 ሚሊሜትር ስለሚደርስ ይበቃዎታል። ከኋላ በዳዶ የሚታሰረውን ዓይነት ይፈልጉ፤ ካልሆነ የፎርኬላውን የኋላ ቀዳዳ ወደ 8 ሚሊሜትር ማስፋት ግድ ይሆናል።

የቪቼንሳ ወዳጅ

ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ጥንካሬ ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ «ምን ያህል ፍሬን ይበቃል?» የሚለው ቢታይ እወዳለሁ። በደረቅ መንገድ ላይ የፊት ፍሬን የሚያቆመን በካሊፐሩ አቅም ልክ አይደለም፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት እስከምንገለበጥበት ድረስ ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይህ ገደብ የመሬት ስበት ግማሽ ገደማ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በዚህ ልክ ቢይዝ በ7 ሜትር ገደማ ይቆማል። በደንብ የተገጠመ ማፋክም ሆነ ዋይንማን፣ ወይም የጣሊያኑ ዩኒቨርሳል በአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ እዚህ ገደብ ይደርሳል። የእርጥብ ክሮም መያዝ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ስበት ቢወርድ፣ ያው ሰው ለመቆም 35 ሜትር ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ፣ በላዩ የትኛውም ካሊፐር ቢሰቀል አይጠፋም።

የጣሊያኑ የሳይክል መለዋወጫ ፋብሪካ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1968 ከጎን የሚሳበውን ሬኮርድ ፍሬን ሲያወጣ፣ እስከዚያ ድረስ በእሱ መለዋወጫ የሚወዳደሩት ሰዎች የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሬን ነበር የሚገጥሙት። ሬኮርድ በአንድ ቡሎን ዙሪያ የሚዞር ቀላል አሠራር ነው፤ ሌቫው የእጅን ኃይል አራት እጥፍ ገደማ ያበዛዋል፣ ካሊፐሩ ደግሞ በዚያ ላይ ብዙም አይጨምርም። ዛሬ የለመድነውን ያህል ቶሎ አይነክስም ብለው የሚያሙት ብዙዎች ናቸው። ጨብጦ የሚያውቀው ሰው ግን ጣቱ በገፋው ልክ፣ ከዚያ ሳያልፍ እንደሚይዝ ይመሰክራል። ተወዳዳሪ ከመታጠፊያ በፊት የሚፈልገው ፍጥነቱን በጥቂቱ መቁረጥ ነው።

ኃይልን የሚያበዛ ካሊፐር ደግሞ ያንኑ በሌላ በኩል ያስከፍላል፤ ሸራው ወደ ቸርኬው ተጠግቶ መቆም አለበት። የተወላገደ ወይም ራጂው (ቸርኬውን ከመካከሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) የላላ ቸርኬ በባለ ሁለት መዞሪያ ካሊፐር ውስጥ ሸራውን እየነካ ይዞራል፤ ባለ አንድ መዞሪያው ግን ከቸርኬው ጋር ወዲያና ወዲህ እያለ ይከተለዋል። በረጅም ጉዞ ላይ አንድ ራጂ ቢበጠስ እንኳ ቤት ያደርሳል።

አዲስ ወይም ውድ ስለሆነ ብቻ የሚሻል ፍሬን እንደሌለ ካምፓኞሎ ራሱ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያወጣው ዴልታ በሦስት ማዕዘን ሽፋን ውስጥ አራት ጎን ያለው ተጣጣፊ ዘዴ የያዘ፣ ለዓይን እጅግ የሚያምር ካሊፐር ነበር፤ ነገር ግን ከተራው ፍሬን ይከብዳል፣ ኃይሉም ከሸራው አቀማመጥ ጋር ስለሚለዋወጥ በትክክል መግጠሙ አስቸጋሪ ነው። የመጀመሪያዎቹም ከገበያ ተመልሰው እንደገና ተሠርተዋል። ስለ ውበቱ እወደዋለሁ፤ በዝናብ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ግን አልመክረውም።

ሞላና ሽቦ

ለቁልቁለት ወራጅ፦ ስለ ሸራው ወደ ላይ መነሣት የጻፉት እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ሸራውን ሲገጥሙ ከቸርኬው ገጽ በታችኛው በኩል ማስቀመጥና በየጊዜው ማየት ነው። እርስዎ ያላነሱት ሌላ አደጋም አለ። ከመካከል በሚሳብ ፍሬን ላይ ዋናው ሽቦ ቢበጠስ፣ ተሻጋሪዋ ሽቦ ወርዳ ጎማው ላይ ልታርፍ ትችላለች፤ ጎማው ጥርስ ያለው ከሆነ ነክሶ ይይዛታል፣ የፊት መንኮራኩሩም በድንገት ይቆማል። የፊት መብራት ወይም አንጸባራቂ የሚይዝ ብረት ከሥሯ ካለ ወይም የጭቃ መከላከያ ከተገጠመ ግን እሱ ይቀበላታል። ስለዚህ ሽቦ መቀየሩ ለምቾት ብቻ አይደለም።

ለጠያቂያችን ደግሞ ስለ ጩኸቱ አስቀድሜ ልናገር፤ አዲሱን ሸራ ሲገጥሙ ማጋጠሙ አይቀርምና። ጩኸቱን የሚቀንሰው የሸራው የፊት ጫፍ ከኋላው ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ ማድረግ ነው። የማፋክ ሸራ መያዣ ግን በሌሎች አቅጣጫዎች ሁሉ ሲዞር በዚህኛው አይዞርም። የድሮ ሠራተኞች የክንዱን ጫፍ በቁልፍ ይዘው በጥቂቱ ያጣምሙት ነበር፤ እኔ ግን ሃምሳ ዓመት በሞላው አሉሚኒየም ላይ ይህን አላደርግም። የሸራውን የኋላ ጫፍ በሞረድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ማስለል ይበቃል።

አሮጌ ቴላዮ (ሲያትል)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ካሊፐሩን ላቆየውና ቸርኬውን፣ ሸራውንና ሽቦውን ልቀይር ወስኛለሁ። ባለ 27 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ልፈልግ ወይስ ዛሬ በየሱቁ ወደሚገኘው፣ 700ሲ ወደሚባለው የቸርኬ ልክ ልለፍ? ብለፍ የማፋኩ ክንድ ይደርሳል?

ቁልቁለት ወራጅ

በካሊፐሩ ላይ ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ግን 700ሲ ያድርጉት፤ የጎማ ምርጫዎ በብዙ ይሰፋል። የ27 ኢንች ቸርኬ የጎማ መቀመጫ 630 ሚሊሜትር፣ የ700ሲ ደግሞ 622 ስለሆነ ሸራው 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። የማፋክ ሬሰር የክንድ ቀዳዳ ረጅም ስለሆነ ያንን በቀላሉ ይሸፍነዋል። ያለዎትን ሞዞ (የመንኮራኩሩን እምብርት) በአዲሱ ቸርኬ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ቸርኬውን ከመግዛትዎ በፊት ግን በሞዞው ላይ ያሉትን የራጂ ቀዳዳዎች ይቁጠሩ፣ በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ 36 ናቸው፤ ራጂውንም ለአዲሱ ቸርኬ ልክ አስለክተው ይግዙ፣ የድሮው አይገጥምምና።

ሞላና ሽቦ

በዚህስ ተስማምተናል። ከገጠሙ በኋላ ተሻጋሪዋን ሽቦ ከሚገባው በላይ አያስረዝሟት፤ አጠር ብላ ስትዘረጋ ኃይሉ ይጨምራል፣ በጣም ካጠረች ግን ሸራው በቂ ሳይከፈት ይቀራል። አዲስ ሽቦና ልባስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታ ይይዛሉና፣ ከመጀመሪያው ረጅም ቁልቁለት በፊት በቆመበት ሌቫውን ደጋግመው በኃይል ጨብጠው፣ የላላውን እንደገና ስበው ዳዶውን ያጥብቁት።