ከ15 ዓመት በታች ቡድን ይዞ ጎቲያ ካፕ መሄድ፦ ከምን እንጀምር?

የሰፈር_አሰልጣኝ
ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ 2026 ስዊድን ጎተንበርግ በሚደረገው የታዳጊዎች እግር ኳስ ውድድር፣ ጎቲያ ካፕ፣ ከአዲስ አበባ 16 ልጆች ከ15 ዓመት በታች ለማስመዝገብ አስበናል። ጨዋታውና ማደሪያው ከለመድነው በምን ይለያል? ወረቀቱስ ከየት ይጀመራል?

ፋይል_ያዥ
አሰልጣኝ፣ ከወረቀቱ ጀምሩ፤ ኳሱ ይደርሳል። ከ2024 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ መደበኛ የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ረዝሟል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ስለሆነ የካቲት ላይ ፋይሉ ይለቅ። ለየልጁ በውልና ማስረጃ የጸደቀ የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ያዙ።

ዋናው ጣጣ የልደት ቀን ነው። የዕድሜው መቁረጫ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ ዲሴምበር 31፣ 2010 ላይ ይወድቃልና ለ15 አይሆንም። በማግስቱ የተወለደው ግን 2011 ስለሆነ ይገባል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ለተወለደ በእኛው ዓመት ላይ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8። ይህ ሲምታታ የልደት ካርዱና ፓስፖርቱ እርስ በርስ አይገጥሙም፣ ልጁም በማያውቀው ነገር ይቀራል። ዛሬውኑ የ16ቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩ።

የቀኝ_ተመላላሽ
ምድቡ በአብዛኛው አራት ቡድን ነው። ከሦስቱ ጨዋታ በኋላ ሁለቱ መሪዎች ወደ ኤ፣ የቀሩት ወደ ቢ ጥሎ ማለፍ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በምድብ ጨዋታ ብቻ የሚሰናበት የለም። አጋማሾቹ አጫጭር ናቸው። በአምስተኛው ደቂቃ የገባ ጎል ለመመለስ ጊዜ አይገኝም፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ለይታችሁ ተለማመዱ። በጥቂት ቀን ብዙ ጨዋታ ስላለ 16ቱንም አፈራርቁ። ሜዳው ላይ ሌላ ቡድን እየተጫወተ ስለምትደርሱ ማሟሟቂያው ከመስመር ውጭ በጠባብ ቦታ ነው።

ብዙው ሜዳ ሰው ሰራሽ ሣር ነው፤ የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ ይቅር፣ አጫጭርና ብዙ ጥርስ ያለውን ከሁለት ወር በፊት ያስለምዷቸው። አየሩንም አትርሱ። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። እዚያ በወፍራሙ አየር ረጅም ኳስ ቶሎ ይወድቃል፣ ቅጣት ምትም ይበልጥ ይታጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ግራ የሚጋባው በረኛው ነው፤ ከጨዋታው በፊት ብዙ ረጅም ኳስ ይምታ፣ ይያዝ።

የሰፈር_አሰልጣኝ
እግዜር ይስጥልኝ። ስድስቱ ልጆች ይጾማሉ፣ ሦስቱ ሙስሊም ናቸው። ምግቡስ?

ስንቅ_አዘጋጅ
የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ስለሚፈታ የሚቀራችሁ ረቡዕና ዓርብ ነው። ሲመዘገቡ ጾሙንም ሐላሉንም ጻፉ፤ «አትክልት» ብቻ ካላችሁ ወተትና አይብ ያለበት ሊመጣ ይችላል። ቋንጣና ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። በሶና ቆሎ ያዙ።

ርካሹ ማደሪያ የትምህርት ቤት ክፍል ወለል ነው፤ ስለ ፍራሹ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፀሐይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጠልቃ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣለች፤ ለመስኮቱ ጥቁር ጨርቅና ማጣበቂያ ካልያዛችሁ ልጆቹ አይተኙም። ፕሮግራሙ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚወጣው፦ 9:40 የተባለው ከጠዋቱ 3:40 ነው። በሁለቱም ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉት።