የፊዚክስ አሳይመንት ስንት ፐርሰንት ይያዝ?

የአዘዞው
ሰላም ጓዶች። እዚህ ጎንደር ለአንደኛ ዓመቶች ጄኔራል ፊዚክስ አስተምራለሁ። አሳይመንት 20፣ ኩዊዝ 10፣ ሚድ 20፣ ፋይናል 50 ነው የያዝኩት። ያስቸገረኝ አሳይመንቱ ነው። በቀደም 30 ዲግሪ ባጋደለ ወለል ላይ ያለ ሰበቃ የሚንሸራተት ዕቃ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው ብዬ ሰጠሁ። መልሱ 4.9 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን -9.68 ጽፎ መጣ። አንዱ ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፋንታ ራዲያን (ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ እንዳለ ሳይን 30 መታ፣ የቀረው ከሱ ገለበጠ፣ በቃ። ለዚህ ወረቀት ማርክ መስጠት ራሱ ለፍቶ ለሚሠራው ልጅ በደል ነው። ጭራሽ ላስቀረው እንዳልል ደግሞ፣ ጥያቄ ቁጭ ብሎ ያልሠራ ተማሪ ፊዚክስ አይገባውም። እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ሦስተኛ ዓመት
ቲቸር፣ በተማሪ ወገን ልናገር። ስንፍና ብቻ አይደለም። የሁሉም ኮርስ አሳይመንት አንድ ሳምንት ላይ ይወርዳል፣ ማታ መብራት ይጠፋል፣ ሴክሽን ሪፑ (የክፍል ተወካዩ) ደግሞ ነገ ጠዋት ሰብስቤ አስረክባለሁ ይላል። ከዚያ የቀለሜው ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ወረቀቱ ታርሞ አይመለስልንም። ማርኩን ዝርዝር ላይ እናያለን እንጂ የት ጋ እንደሳትን አናውቅም። ያ -9.68 የጻፈ ልጅ ካልነገሩት ፋይናልም ላይ ራዲያን ላይ አድርጎ ነው የሚገባው። እና እባክዎ ግሬዱን ሪላቲቭ፣ ማለትም ከሌላው ተማሪ ጋር በማወዳደር፣ አያድርጉት፤ ጓደኛዬን ባስረዳሁት ቁጥር የኔ ግሬድ የሚወርድ ከሆነ ማን ማንን ያስረዳል?

ነባር መምህር
20 በዝቷል ወንድሜ። ወደ 5 አውርደውና 15ቱን ኩዊዝ ላይ ጨምር። ኩዊዙን በየሳምንቱ ከዚያው ከአሳይመንቱ አውጣ፣ ቁጥሩን ብቻ ቀይር፤ 30ውን 37 አድርገው። የሠራው በ15 ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ የገለበጠው ያፈጣል። ከኩዊዞቹ ዝቅተኛውን አንድ ጣልላቸው፤ ሰው ይታመማል፣ ለቅሶ ይደርስበታል፣ ቢሮህ በር ላይ ክርክር አይኖርም። ልጁ ስለ ማረም ያለው እውነት ነው። ሁሉንም ማረም ካልቻልክ ሳትነግራቸው አንድ ጥያቄ ምረጥና እሷን በደንብ አርመህ መልስ።

ለመጨረሻው ቁጥር ብቻ ደግሞ ማርክ አትስጥ። ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙ (ዕቃው ላይ ያሉትን ኃይሎች የሚያሳየው ሥዕል)፣ ዩኒቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይህ መልስ ያስኬዳል ወይ?» የምትል አንዲት መስመር ማርክ ይኑራት። በነፃ የሚወድቅ ዕቃ 9.8 ነው፤ 30 ዲግሪ ላይ የሚንሸራተት ዕቃ እንዴት 9.68 ይደርሳል? ምልክቱም ሲታይ ዕቃው ወደ ላይ እየሄደ ነው! ይህን ራሱን የጠየቀ ልጅ ማንም ሳይነግረው ካልኩሌተሩን ያይ ነበር።

ላብ
አንድ ልጨምር። የማይገለበጥ አሳይመንት ስጧቸው። ክር ላይ ብሎን አስሮ ከዶርሙ ተደራራቢ አልጋ ላይ ያንጠልጥል፣ 20 ጊዜ ሄዶ ሲመለስ በስልኩ ስቶፕዋች ይያዝና g (የመሬት ስበት አክስለሬሽን) ያውጣ። የክሩ ርዝመት የየራሱ ይሁን። አንድ ሜትር ከሆነ 40 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። በሰዓት አያያዝ 0.2 ሰከንድ ቢሳሳት g ላይ 0.1 ያህል ያዛባል። ስለዚህ 9.7ም 9.9ም ቢያመጣ ማርኩን ስጡት፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይጻፍ። ጎንደር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በጥቂቱም ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚህ g 9.78 አካባቢ ነው፤ ያ ልዩነት በስልክ ለምን እንደማይታይ ማስረዳት የቻለ ልጅ ገብቶታል ማለት ነው። ሁሉም ልክ 9.80 ይዞ ከመጣ ግን ጠርጥሩ።

የአዘዞው
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ፐርሰንቱን አሁን ከሚድ በኋላ ብቀይረው ችግር አለው?

ነባር መምህር
አትቀይረው። ኮርስ አውትላይኑ ላይ የሰጠሃቸው ቃል ነው፣ አሁን 20 አገኛለሁ ብሎ ያሰላ ልጅ አለ። አዲሱን ለሚቀጥለው ሴሚስተር አድርገው። አርሞ መመለሱን፣ የላቡንና የ«ያስኬዳል ወይ»ን ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ከምትሰጠው አሳይመንት ላይ ጀምር፤ 20ው እንዳለ ሆኖ ማርኩ በምን እንደሚሰጥ አስቀድመህ ንገራቸው።