«ጨዋ ልጅ በገጹ ይታወቃል» ነው የሚሉን?

የአራዳ ልጅ፦ ቅዳሜ እዚሁ ጎንደር ለተመራቂዎች የሥራ ፍለጋ ሥልጠና ነበር። አንድ የሰው ኃይል ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥተው «ሲቪውን ከመክፈቴ በፊት ፌስቡኩን ነው የማየው፤ ጨዋ ልጅ በገጹ ይታወቃል» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ! እኔ ግን ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት ተምሬ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፌ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የለጠፍኩት ቀልድ ነው የሚመዝነኝ?

ማራኪ፦ ማጨብጨቡ አይግረምህ። ምሳ ነበረዋ።

ባለሆቴሉ፦ እኔ ሰው የምቀጥር ነኝ። እንግዳ መቀበያ ላይ የማቆመው ልጅ ማታ ማታ ቲክቶክ ላይቭ ገብቶ የሰው እናት የሚሳደብ ከሆነ፣ ጠዋት እንግዳዬን በምን አፉ ነው የሚያናግረው? ገንዘቡ የእኔ፣ ስሙም የእኔ። ሰውየው ልክ ናቸው። ጨዋ ልጅ በገጹ ይታወቃል።

የአራዳ ልጅ፦ ስድብና ቀልድ አንድ ነው ያለዎት ማነው?

ቋረኛው፦ ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይመልሱልኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ጠያቂው ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። የራሴ ገጽ! ጣቱን ፕሮፋይሌ ላይ አድርጎ «ይሄ ምን ለማለት ነው?» አለኝ። ፎቶው አፄ ቴዎድሮስ ነው፣ ባለ ሹሩባው። ስለ ሒሳብ አያያዝ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ «እንደውልልሃለን» ብሎ ሸኘኝ። እስካሁን እየደወለ ነው።

ማራኪ፦ እንግዲያው ፒያሳ ያለው ሐውልትም ይነሳ። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያም በአፄ ቴዎድሮስ መጠራቱ ይቅርበት። ዩኒቨርሲቲውም ቴዎድሮስ ግቢን ከገጹ ያጥፋና ጨዋ ይባል።

ባለሆቴሉ፦ እኔ ስለ ቴዎድሮስ ምን ወጣኝ? አታጣሙብኝ።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ቀልዱን ትተን ወደ ሕግ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 14 በፖለቲካ አመለካከት ማዳላትን ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም ወጥቷል።

ባለሆቴሉ፦ ደህና አድርገህ አንብበው ወንድሜ። የሚያወራው ስለ ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ፈላጊው ገና ደጅ ነው ያለው። ደሞስ «እንደውላለን» ያለን ሰው በምን ትከሰዋለህ? ሕግ ካነሳህ የጥላቻ ንግግር አዋጁም አለ፣ 1185/2012።

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ጥሩ አነሱት። ያ አዋጅ እንኳ ላይክና ታግ ማድረግን እንደ ማሰራጨት አይቆጥርም። መንግሥት ያልቆጠረውን ላይክ አንቱ ይቆጥራሉ?

ቋረኛው፦ 😂😂 በላቸው!

ማራኪ፦ ሴት ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ጓደኛዬ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛው በር እስክስታ ስትወርድ ሌላ ሰው ቀርጾ ለጠፋት። እሷ ስልኳንም አላወጣችም፤ ነጠላዋን አደግድጋ ነው የምትጨፍረው። ለሥራ ስትቀርብ «ቪዲዮሽን አይተነዋል» ብለው ሳቁባት። ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ላይ ጨፍራ ጨዋ አይደለችም ተባለች። የማንን ገጽ ታጽዳ?

ባለሆቴሉ፦ የእሷስ በደል ነው፣ እኔም አልደግፍም።

አስጎብኚው፦ እኔ በበኩሌ ያለ ገጽ እንጀራ የለኝም። ፈረንጁ ፋሲል ግቢን ከማየቱ በፊት የእኔን ገጽ ነው የሚያየው። ኮቪድ መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ የቀረችኝ እሷ ናት። ክርክር ውስጥ አልገባም፣ የስሜን ተራራን ጭላዳ እለጥፋለሁ፣ አስተያየት ለጻፈ ሁሉ በጊዜ እመልሳለሁ። ይሄ ግብዝነት አይደለም፤ ጠዋት የሱቅ ደጅ እንደመጥረግ ነው። ልጆቹም ቢሆኑ እኮ ሲቪያቸው ላይ የሚያስቀምጡት ኢሜይል ያሳፍራል። «ቆንጆው ልጅ» ብሎ ለባንክ ያመለክታል!

የአራዳ ልጅ፦ አንተ የምትሸጠው ራስህን ነው፣ ጥረግ። እኔ መዝገብ ልይዝ ነው የምገባው። ለደብተር ሥራ ጭላዳ ልለጥፍ?

አስጎብኚው፦ ጭላዳን አትናቅ፣ ካንተ በላይ ተከታይ አለው።

አዘዞ፦ ሁላችሁም ትሞኛላችሁ። ዘመድ ያለው ሰው ገጹም ሲቪውም አይታይም። ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን፤ አሁን እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ የማን ልጅ ነው?

ባለሆቴሉ፦ ይሄ ከርዕሱ ውጭ ነው።

ማራኪ፦ የማን ልጅ ነው? 👀

ባለሆቴሉ፦ የእህቴ ልጅ ነው። እና?

አንቀጽ በአንቀጽ፦ ሲቀጥሩት ገጹን አይተውለታል?

ባለሆቴሉ፦ ያሳደግሁትን ልጅ ገጹን ምን ላደርገው አያለሁ? ጨዋነቱን በዓይኔ አውቀዋለሁ!

ቋረኛው፦ ኧረ ስክሪንሾት አድርጉልኝ፣ ስልኬ ሞልቷል።

አዘዞ፦ አድርጌያለሁ።

የአራዳ ልጅ፦ አዘዞ፣ ከአዘዞ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ሰማሁ።

አዘዞ፦ አንተ ከፒያሳ ወጥተህ የማታውቅ ልጅ፣ ሥራውም እዚያው ካፌ ድረስ እንዲመጣልህ ነው የምትጠብቀው።

ባለሆቴሉ፦ አዘዞ የምትባል ልጅ፣ ያንን ስክሪንሾት አጥፋ። ደሞ ሲቪ ይዘህ እኔ ደጅ እንዳትመጣ።

አዘዞ፦ ሲቪዬ እኮ ከመጋቢት ጀምሮ እርስዎ ጋ ነው ያለው ጋሼ።