ሹምን የሚወቅስ ቅኔ በማኅሌት ሊባል ይገባል?

ጥያቄ አቅራቢ፦ በንግሥ ቀን ማኅሌት ተቁሞ ባለቅኔው የወረዳውን ሹም፣ ጦርነቱን ወይም የኑሮ ውድነቱን በሰምና ወርቅ ቢነካ ሥራውን ሠራ እንበል ወይስ ቤተ መቅደሱን ደፈረ? ነገሩን በጎጃም ቅኔ ቤቶች ልማድ ላይ እናቁመው። ምክንያታችሁን ከሙያው አንሡ።

ባለ መቋሚያ፦ አይገባም። ማኅሌት ባለቤት አለው፤ እሱም የዕለቱ በዓል ነው። ቅኔው የሚገባው በዜማው መካከል በተለየለት ቦታ፣ በተለካለት ቤት (ስንኝ) ነው። የቅኔ ዓይነቶቹ ልክ ይህ ነው፦ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ ሚበዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ከዚህች ላይ ለሹሙ አንድ ቤት ከተሰጠው ከዕለቱ ቅዱስ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይከብዳል። ልጁ መከላከያ ውስጥ ያለ አባትና ልጁ በረሃ የወረደ አባት በአንድ ማኅሌት ጎን ለጎን ጸናጽል ይይዛሉ። ቅኔው ወደ አንዱ ካጋደለ ሌላው በማግስቱ ከአገልግሎት ይቀራል። አንዳንድ ደብር ደግሞ ዜማ የሚያነሣለት ሰው ሦስትና አራት ብቻ ነው፤ አንዱ ሲቀር ማኅሌቱ ይጎድላል።

ዘራፊው (ቅኔ እዚያው የሚያፈልቀው)፦ አባ፣ በዚሁ ሚበዝኁ ልጀምርልዎ። ስሙን ያገኘው «እግዚኦ ሚበዝኁ እለ ይሣቅዩኒ» (አቤቱ፣ የሚያስጨንቁኝ ምንኛ በዙ) ከሚለው ከሦስተኛው መዝሙር ነው። ዳዊት ያንን የዘመረው ልጁ አቤሴሎም መንግሥቱን ሊቀማው ተነሥቶበት ሲሸሽ ነው። የቅኔው መጠሪያ ራሱ የሥልጣን ጠብ ያመጣው ልቅሶ ሆኖ ሳለ ሚበዝኁ የዘመኑን መከራ አይንካ ማለት ለእኔ አይገባኝም። ደግሞስ የነገሥታቱ ውዳሴ በማኅሌት ሲባል የኖረ አይደለም? ያ ፖለቲካ አልተባለም። ሹምን ማመስገን ከተፈቀደ መውቀስም ይፈቀድ፤ መውቀስ ከተከለከለ ማመስገኑም ይከልከል። አንዱን ብቻ መከልከል ቤተ መቅደሱን ለባለ ጊዜው ማዳላት ነው።

ባለ መቋሚያ፦ ማመስገኑም ይቅር። በዚህ አልከራከርህም።

አስነጋሪ (በቅኔ ቤት የተማሪን ቅኔ የሚሰማና የሚያርም)፦ ሁለታችሁም ስለ መብት ስታወሩ ሙያው ተረሳ። ወቃሽ ቅኔ በብዛት የሚበላሸው ሰሙ ስለሚሳሳ ነው። ተማሪው ወደ ቆጠራ፣ ማለትም ራሱ ቅኔ ወደ መሥራት፣ ሲገባ መጀመሪያ የሚታረመው ይኸው ነው። ወርቁ አስቀድሞ ይመጣለታል፤ ተናዷል፣ የሚለው ነገር አለው። ከዚያ ሰም ይፈልግለታል፤ ከታሪኩ አንዱን ጎን ብቻ ይወስድና ሌላውን ይተወዋል። በነገራ (ቅኔውን ለመምህሩ በሚያሰማበት) ሰዓት መምህሩ «ሰሙን ብቻ ንገረኝ» ቢለው ዝም ይላል። ሰሙ ለብቻው ሲነገር ሙሉ ትርጉም የማይሰጥ ከሆነ ያ ቅኔ ስድብ ነው፤ ጥፋቱም የባለቅኔው እንጂ የማኅሌቱ አይደለም።

ሌላው የማሰሪያ፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ፣ ስሕተት ነው። «እሳተ መዓት» ሲባል እሳቱ ሰም፣ መዓቱ ወርቅ ነው። ማሰሪያው ላይ ያለው ግስ ለሁለቱም እንዲሆን ያስፈልጋል። ለእሳቱ ብቻ ከሆነ ወርቁ ይወድቃል፤ ባለቤቱና ተሳቢው ከተምታቱ ደግሞ ተወቃሹ ወቃሽ ይሆናል። በችኮላ በተዘረፈ መወድስ ይህ በተደጋጋሚ ይደርሳል።

ዘራፊው፦ ልክ ነው። በአማርኛ ላሳይ፤ ለማኅሌት አይሆንም፣ ለማስረዳት ብቻ ነው።

ሔዋን በጓዳዋ ምነው ተራቆተች፣
ተመን ከፍ ብሎ ነው ሁሉን ያስረከበች።

ኅብሩ «ተመን» ነው። በአንድ ወገን እባብ፣ በሌላ ወገን የገበያ ዋጋ።

አስነጋሪ፦ ኅብሩ ጥሩ ነው፤ ልኩም በቀለም ቢቆጠር 6 በ6 ሞልቷል። ግን ሔዋን ጓዳ አልነበራትም። «ጓዳ» ለወርቁ ብቻ የገባ ቃል ስለሆነ ሰሙን ቀደደው፤ ሰሚው ገና ከመጀመሪያው ቤት ስለ ኑሮ ውድነት እንደሆነ ነቅቷል። «ሔዋን በገነቷ ምነው ተራቆተች» በለው። ልኩ አልተነካም፣ ሰሙ ሙሉ ታሪክ ሆነ፣ ወርቁም እስከ «ተመን» ድረስ ተሸሸገ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው አልተሰደበም።

የደብረ ኤልያስ (ከጎጃሙ ደብረ ኤልያስ የመጣው)፦ እኔ ስለ ስልክ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ዛሬ ክርክሩን ያከረረው እሱ ነውና። ቅኔ የሚነገረው ለሚያውቀው ሰሚ ነው። ባለቅኔው በጆሮ ቤት በቤት ይነግራል፣ ድምፅ ያለው ያዜመዋል፣ ሊቃውንቱ «ይበል» ይላሉ፤ ያልገባው በኋላ ደጀ ሰላም ላይ ጠይቆ ይፈታለታል። ግዕዝ የማይሰማው ምእመን፣ ሹሙ ራሱ ጭምር፣ የሚደርሰው በሊቃውንቱ አፈታት ነበር። አሁን ግን አንዱ በስልክ ይቀርጽና ወርቁን ብቻ በአማርኛ ርእስ አድርጎ ይለጥፈዋል። ሰሙ ቀረ፣ በዓሉ ቀረ፣ የባለቅኔው ፊት ግን ይታያል። በሰም የተሸፈነው ሰው በርእስ ተገለጠ ማለት ነው። ስለዚህ ክልከላ ካስፈለገ በቅኔ ሰዓት ስልክ ይከልከል እላለሁ።

ዘራፊው፦ ካልተቀረጸ ይጠፋል እኮ! ስንቱ መወድስ ተብሎ ቀረ?

የደብረ ኤልያስ፦ በብራናና በወረቀት መጻፍ ነበር፣ አሁንም አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳትመዋል። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው ለመጽሐፍ አብቅተዋል። ሲጻፍ የባለቅኔው ስም፣ የተባለበት በዓልና ምክንያቱ አብሮ ይቀመጣል። በስልኩ ግን የሚቀረው ድምፅና ጠብ ነው።

እኅተ ሊቃውንት፦ ሁላችሁም ቅኔ ከማኅሌት ውጭ ቦታ የሌለው አስመሰላችሁት። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ጽላሎ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ አስተማሩ። ሴት በመሆናቸው በማኅሌት አይቆሙም፤ ቅኔያቸው ግን በጉባኤው ነበር፣ ደቀ መዛሙርቱም ይዘውት ወጥተዋል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ተመልከቱ። ከደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ሲገቡ ሰሙንና ወርቁን ወደ ቲያትር መድረክ ወሰዱት፤ ጣልያን ሲገባም ሱዳን ተሰደዱ። የአገር ጉዳይ በአማርኛ፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በመድረክ ተነገረ። ሹሙን ልትወቅስ ከፈለግህ በማይሰማው ግዕዝ ከምትወቅሰው ይህ አይሻልም?

ዘራፊው፦ እኅቴ፣ ለሹሙ ይሻላል፤ ለሊቃውንቱ ግን አይበቃም። በማኅሌት የሚባለው ወቀሳ ሹሙን ብቻ አይደለም የሚነካው፤ ከሹሙ ጋር የተስማማውን አለቃም ይነካል። እሱ ግዕዙን ይሰማል።

ባለ መቋሚያ፦ ይህን እቀበላለሁ፤ ካህን ካህንን በቅኔ ቢገሥጽ የቆየ ነው። ታዲያ አንድ ነገር እንስማማ፤ ወቃሽ ቅኔ ያለው ሰው በበዓሉ ዋዜማ ለመሪጌታው ይንገር።

አስነጋሪ፦ በዋዜማው የተነገረ ቅኔ ግን ዘረፋ መሆኑ ይቀራል አባታችን። የዘራፊው ሙያ ዜማው እየሄደ መቁጠሩ ነው። ይልቅ መሪጌታው ቅኔው ሲነገር አጠገቡ ይቁም። የመጀመሪያው ቤት ሰሙ ከዕለቱ በዓል ካልተነሣ እዚያው ያስቁመውና ለሌላ ባለቅኔ ይስጠው። ለመወድስ ቢሆን 7 ቤት ገና ስለሚቀር ዜማው አይጎዳም። ለጉባኤ ቃና ግን አይሠራም፤ አንዱ ቤት ሲባል ግማሹ አልቋል።